ደረቅ እንጨት ፍለጋ በሰገነይቲ መንገድ

አስመራ፣ ማለዳ

ከሰፈሬ ከዓባ ሻውል የተነሣሁት ለዳቦ ቤቴ እንጨት ላመጣ ነው። ከነጻነት ወዲህ ከተማው ሁሉ ችግኝ ተካይ ሆኗል። ደንበኞቼ ከተከላ ሲመለሱ ከነጭቃቸው ደጄ ቆመው «አንቺ አገር ታራቁቻለሽ!» ይሉኛል። የዳቦ መጋገሪያ ፎርኖዬን በናፍታ ባነድ ደግሞ እነዚሁ ሰዎች «ዳቦሽ ናፍታ ናፍታ ይላል» ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። ሁለቱንም አፍ የምዘጋበት አንድ መልስ ነበረኝ፦ «የእኔ እንጨት በቁሙ የደረቀ ነው!» የሚያመጣልኝ ነጋዴ ዘንድሮ ስለጠፋ ራሴ ወጣሁ።

ደቀምሐረ

ሹፌሩ አያ ተኽለ አሮጌ የጭነት ማኪናውን ቁልቁለቱን በቀስታ አወረዳት። ደቀምሐረ ፉል በላን፤ በሻሂ አወራረድነው። ከዚያ ወዲያ ግራ ቀኙ ቋጥኝና በለስ ነው።

«ልጅ ሳለሁ እዚህ ጥላ ነበር» አለኝ።

እኔ ቁጣ ቅርቤ ነው። «ታዲያ እኔ ነኝ የጨረስኩት?» አልኩት።

እኩለ ቀን

ከሰገነይቲ አለፍ ብሎ አንድ መንደር የሚያስጠብቀው የወይራ ደን አለ። ጠባቂው አቦይ ገብረ ከየቤቱ ገብስ እየተሰፈረላቸው የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ደረቅ እንጨት የመቁረጥ ፈቃዴን ዘረጋሁላቸው።

«ደረቁን ብቻ ነው የምወስደው፣ አቦይ።»

«እወ፣ ከአንቺ በፊት የሚመጣው ሰውም እንዲሁ ነበር ያለው» አሉና ወደ ዳገቱ መሩኝ። የወይራዎቹ ግንድ ከሥሩ ከፍ ብሎ ቅርፊቱ ዙሪያውን ተልጧል። «ተደብቆ ልጦ ይሄዳል። ዛፉ ሲደርቅ ፈቃድ ይዞ ይመጣና ይቆርጣል።»

የሰውየውን መልክና ማኪና ሲነግሩኝ የእኔው ነጋዴ ሆነ። ስንት ጊዜ በእሱ እንጨት ለደንበኞቼ ምዬላቸዋለሁ! አፈርኩ፤ ከማፈሬ ይልቅ ግን ተናደድኩ።

«በይ እነዚህን ውሰጃቸው፤ ከእንግዲህ አይለመልሙም» አሉኝ።

«ኣይፋልን፣ አልወስድም፣ አቦይ። የተላጠውን ከወሰድኩ ነገም ይላጣል።»

«ሓፍተይ፣ ባዶ ማኪና ይዘን ልንመለስ?» አለ አያ ተኽለ እንደ እህቱ ጠርቶኝ።

«ባዶ!» አልኩት።

በነጋታው፣ ዓባ ሻውል

ናፍታውን ለኮስኩ። ዳቦ ሊገዛ ለተሰለፈው ሰው ያየሁትን ሁሉ አንድም ሳልደብቅ ተናገርኩ።

«ሽታውስ?» አለች አንዷ።

«ሽታው አለ። የወይራ ጠረን ያለው ዳቦም፣ የወይራ ዛፍም ልሰጣችሁ አልችልም። አንዱን ምረጡ!»

ከሰልፉ ግማሹ ሄደ። ስለ ሽታው የጠየቀችኝም ሄደች፤ እሷም የእናቴ ልጅ፣ ታላቅ እህቴ ናት።

መንገዱ ያስተማረኝ ይህን ነው፦ ሁሉን የሚያስደስት መልስ ሳገኝ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም፤ ደስ ብሎኝ ነበርና። ነገም ናፍታውን አነደዋለሁ። ዳቦዬን ዘመድ ባይበላው ባዳ ይብላው።