መዝገቡ አሥራ አንድ ማይል ይላል

ባለፈው ቅዳሜ ከልጄ ከሜሮን ጋር እዚህ ባሕር ማዶ፣ ፕሊማውዝ ከተማ አጠገብ ካለው ሐይቅ ላይ ዓሣ ስናጠምድ የውሃ ጥበቃ ፖሊስ በጀልባ ቀረበን። ወጣቱ ፖሊስ ሰላም ከማለቱ በፊት ሰዓቱን አይቶ ያለንበትን ቦታ ጻፈ። ከዚያ የማጥመጃ ፈቃዳችንንና ላይፍ ጃኬታችንን አይቶ፣ መልካም ቀን ብሎን ሄደ። ሜሮን መፈተሻችን አናደዳት። እኔ ግን ሐሳቤ አርባ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ነበር።

ኢትዮጵያ ባሕር በነበራት ጊዜ ቀይ ባሕር ዳር ባለች አንዲት ወደብ የጉምሩክ ጠባቂ ነበርኩ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ደብረ ብርሃን ብርድ ውስጥ ያደገ ሰው ባሕር ላይ ምን ይሠራል ብትሉ፣ እኔም በዚያ ወበቅ ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነበር።

ሥራችን ኮንትሮባንድ መያዝ ነው። ከዳርቻው እስከ አሥራ ሁለት ማይል ድረስ ማንኛውንም ጀልባ አስቁመን እንፈትሻለን፤ ያልተቀረጠ ዕቃ ካገኘን ጀልባውን ከነዕቃው እንወርሳለን። ከዚያ ወዲያ ሥልጣን የለንም። ስለዚህ አንድ ጀልባ እንዳስቆምን ያለንበትን ቦታ ወዲያው መዝገብ ላይ ማስፈር ግድ ነው። ጸሐፊው እኔ ነበርኩ።

አንድ የግንቦት ጠዋት አባባ ዑመር የሚባሉ የአፋር ሽማግሌ የሚነዷትን ባለ ሸራ ጀልባ አሳደድን። አለቃችን ጋሽ በቀለ አንዴ ካዩ የማይለቁ ሰው ናቸው። ስንደርስባት አሥራ ሦስት ማይል ላይ ነበርን፤ የዳርቻውን ተራሮች በኮምፓስ አነጣጥሬ የለካሁት እኔው ነኝ። እርሳሴን ሳላነሳ ግን ሆዴ ተገለበጠ፤ ቁርሴን የበላሁት ፉል በሙሉ ባሕር ገባ።

ባልደረቦቼ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲጋራና የባትሪ ድንጋይ ሲያወጡ እኔ ጠርዝ ላይ ተደፍቼ ነበር። ግንባሬን ደግፈው የያዙኝ አባባ ዑመር ናቸው። ሎሚ ቆርጠው አስመጠጡኝ፤ ውሃውን ትቼ ሩቁን እንዳይ መከሩኝ። የሚፈተሹት እሳቸው፣ የሚያስታምሙኝም እሳቸው።

ቀና ስል ነፋሱ የተያያዙትን ሁለት ጀልባዎች ወደ ዳርቻው ገፍቷቸው አሥራ አንድ ማይል ላይ ደርሰናል። ቦታውን ሳልጽፍ እንደቀረሁ ለጋሽ በቀለ ነገርኳቸው።

«አሁን ያለንበትን ጻፍ፤ ዋሽ አላልኩህም» አሉኝ።

ጻፍኩ።

ወደብ ስንደርስ የጉምሩኩ ኃላፊ ጀልባዋን የት እንዳስቆምናት ጠየቁ። አባባ ዑመር ወደ ጅቡቲ እያለፉ እንደነበር፣ ወሰናችን ውስጥ እንዳልገቡ ተናገሩ። ጀልባዋ የአባታቸው ነበረች፤ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። ምስክር አለዎት ወይ ሲባሉ በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ።

«ልጁ ያውቃል» አሉ።

አውቅ ነበር። ጋሽ በቀለን ፈርቼ እንዳይመስላችሁ፤ ቢበዛ ቢቆጡኝ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ሳስመልስ መዋሌን መናገር ነበረብኝ፤ በሩ ላይ ደግሞ የሌላው ፈረቃ ልጆች ቆመዋል። ደገኛውን ባሕር ጣለው እያሉ ዓመት ሙሉ ሊስቁብኝ ነው። ኃላፊው «የት ነው ያስቆማችኋት?» ብለው ደገሙልኝ።

«መዝገቡ አሥራ አንድ ማይል ይላል» አልኩ።

ጀልባዋ ተወረሰች። አባባ ዑመር አንዴ አይተውኝ ወጡ። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም።

ይህን ሁሉ ስነግራት ሜሮን ዘንጓን አስቀምጣ ሰማችኝ። ልታጽናናኝ ፈልጋ «ሶ ዩ ዲድንት ላይ፣ ዳዲ» አለችኝ፤ አልዋሸህም እኮ ማለቷ ነው። እውነቷን ነው፤ አንድም የውሸት ቃል አልወጣኝም። እኔም በዚህ ስጽናና ኖሬያለሁ፤ የንስሐ አባቴም ልጅነት ነው ብለውኛል። ዛሬ ማውራቴ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚሉት መሆኑ አይጠፋኝም። የሰው ሳቅ ፈርቼ የሰው ጀልባ አስወርሻለሁ። የተጠየቅኩት የት እንዳስቆምናት ነበር፤ የመለስኩት ግን የት እንደጻፍኳት ነው።