ስቶክሆልም ላይ ጭቃ ሹም የሆንኩበት ምርጫ

ስቶክሆልም በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በፈረንጆቹ ስልሳዎቹ አጋማሽ፣ የተማሪዎች ምክር ቤታችን ሊቀመንበር ኮሪደር ላይ አስቆመኝ። እንደ ባሕር ዛፍ ሽቅብ የወጣ፣ ቀጭን፣ ሲስቅ አይቼው የማላውቅ ልጅ ነበር። ብብቱ ሥር ሁልጊዜ አንድ ወፍራም ፋይል አለች።

"ይቅርታ፣ ኢትዮጵያዊው አንተ ነህ?" አለኝ።

በምህንድስና ትምህርት ቤቱ ከእኔ ሌላ አንድ ኢትዮጵያዊ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡ፣ ጢማቸው የሸበተ ሰው ስለሆኑ ከእኔ ጋር የሚያሳስት ነገር አልነበረም።

"ነኝ" አልኩ።

"እንግዲያው ታስፈልገናለህ። ምርጫ ደርሷል፤ ሰው ግን አይመርጥም።"

ነገሩ እውነት ነበር። ምክር ቤቱ በየመከሩ ይመረጣል። ስለ ፈተና ቀን፣ ስለ ምግብ ቤቱ፣ ስለ ቤተ ሙከራ ሰዓት ከአስተዳደሩ ጋር የሚከራከርልን እሱ ነው። ባለፈው ዓመት ሣጥኑ ሲከፈት የተገኘው ወረቀት ከዕጩዎቹ ቁጥር ብዙም አልበለጠም አሉ። ዕጩዎቹ ራሳቸውን መርጠዋል፣ እጮኞቻቸውም እነሱን መርጠዋል፤ አለቀ። አንዱ ዕጩ ግን አንድም ድምፅ አላገኘም። ያን ቀን ጉንፋን ይዞት ተኝቶ ነበር። እጮኛው የት እንደነበረች ደፍሮ የጠየቀ የለም።

"ለምን እኔን?" አልኩት።

"ከእናንተ አገር የመጣ ሰው የምርጫን ዋጋ ያውቃል" አለኝ ዐይን ዐይኔን እያየ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መርጬ አላውቅም። ግን መራጭ እንዲበዛ የሚቋቋመው ኮሚቴ የሚሰበሰበው በደንብ በሚሞቅ ክፍል ውስጥ ነው፤ ቀረፋ ያለበት ዳቦም ይቀርባል ሲለኝ፣ የዜግነት ስሜቴ ተነሣሣና እሺ አልኩ።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፦ ሊቀመንበሩ፣ ቃለ ጉባኤ የምትጽፍ የኬሚስትሪ ተማሪ፣ እና እኔ። የመጀመሪያው ስብሰባ ያለቀው ለኮሚቴው ስም በማውጣት ነው። በሁለተኛው ስብሰባ ጸሐፊዋ ታመመች፣ እኔም ባቡር አመለጠኝና ምልዓተ ጉባኤ ጎደለ። ሰው እንዲመጣ ለማድረግ የተቋቋመው ኮሚቴ ሦስት ሰው ማምጣት አቃተው ማለት ነው። ሊቀመንበሩ ግን ብቻውን ተቀምጦ ቃለ ጉባኤ ጽፏል። በኋላ አነበብኩት። "ስብሰባው አልተካሄደም። በአሥራ ሁለት ሰዓት ተዘጋ" ይላል፤ ከሥሩም ፈርሟል።

በሦስተኛው ስብሰባ ወደ እኔ ዞሩ። "በአገርህ ምርጫ አይተሃል?" አለች ጸሐፊዋ።

አይቻለሁ። ወደ ስዊድን ከመምጣቴ በፊት በአንዲት ትንሽ ከተማ አስተማሪ ነበርኩ። ለፓርላማ የሕዝብ እንደራሴ ሲመረጥ፣ መጻፍ የምንችል ስለሆንን እኛን አስተማሪዎቹን መዝጋቢ አድርገውን ነበር።

"ስንት ሰው መረጠ?"

"ሁሉም" አልኩ።

የሁለቱም ብዕር ቆመ። "ሁሉም ማለት?"

"የቀረ የለም። የታመመ እንኳ በቃሬዛ መጥቷል።"

ይህ ውሸት አይደለም፤ አንድ በሽተኛ በቃሬዛ ሲመጣ በዐይኔ አይቻለሁ። ያልተናገርኩት፣ ምስለኔው ከሳምንት በፊት ጭቃ ሹሞቹን ሰብስቦ "ያልመጣ ሰው ካለ ምክንያቱን ለእኔ መጥቶ ያስረዳል" ማለቱን ነው። ጭቃ ሹሞቹም ቤት ለቤት እየዞሩ በር ሲያንኳኩ ሰነበቱ። ያን ሁሉ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ነገር ግን ሊቀመንበሩ እንዲያ ተደስቶ አይቼው አላውቅም፤ ደግሞም አገሬ በአንድ ነገር ከስዊድን በልጣ ስትገኝ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር። ጸሐፊዋ "በኢትዮጵያ የሚቀር መራጭ የለም፤ ዘዴው ይጠና" ብላ ጻፈች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በሳምንቱ በየግድግዳው ማስታወቂያ ተለጠፈ። በአፍሪካ ተራሮች መካከል ሕዝብ ሁሉ እንዴት እንደሚመርጥ ከዐይን ምስክር ስሙ፣ ይላል። የዐይን ምስክሩ እኔ ነኝ።

ሐሳብ ቢገባኝ ከከተማው ዳር ወዳለችው ሶልና ሄድኩ፣ ጋሼ ዘንድ። ጋሼ ያልኩት ያንን ጢመ ሽበታሙን ሰው ነው። አገር ቤት የትምህርት ቤት ዲሬክተር ነበሩ፤ የትምህርት ቤት ሕንፃ አሠራር እንዲያጠኑ መንግሥት ልኳቸው በትልቁ ሆስፒታል አቅራቢያ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሳይስቁ ሰሙኝ።

"እና አሁን ምን ልትል ነው?"

"እሱን እኮ ነው እርስዎን ልጠይቅ የመጣሁት።"

"እውነቱን ንገራቸው። እነዚህ ሰዎች እውነት ቢነገራቸው ማንንም አያስሩም።" በመስኮት ወደ መንገዱ አዩ። "ደግሞ ምርጫ ምርጫ ይላሉ። መኪና በቀኝ ይነዳ ወይስ በግራ ተብሎ ሕዝቡ ተጠይቆ፣ በግራ ይቆይልን ብሎ አልነበረም? አሁን መንግሥት ወደ ቀኝ ሊያዞረው እየተሰናዳ ነው። አይተህ የለ? ለማንኛውም አንድ ነገር ልንገርህ፤ ማንንም ሳይፈራ ቤቱ ጋደም የሚል ሰው እኔን ያስቀናኛል።"

ንግግር የማደርግበት ቀን አዳራሹ ሞላ። ባለፈው ዓመት ከመረጠው ሰው ይልቅ ስለ መምረጥ ሊሰማ የመጣው በለጠ። እኔም ጋሼ እንዳሉኝ እውነቱን አወጣሁት። ሕዝቡ የመጣው ፈርቶ ነው፤ ማንን እንደሚመርጥ የማያውቅ "ምስለኔው የወደዱትን ጻፍልኝ" ይለኝ ነበር፤ እኔም ጽፌያለሁ አልኩ። ስጨርስ፣ አገሬንም ራሴንም በአንድ ቀን ያዋረድኩ መሰለኝ።

ከኋላ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። "በጣም አስደሳች ነው" አለ። "አንድ ነገር ልጠይቅ። በር የሚያንኳኳው ሰው በእጁ ዝርዝር ይይዛል?"

"አዎ... ይይዛል።"

ሊቀመንበሩ ከመቀመጫው ተነሣ። "በር ማንኳኳት!" አለ። "እንዴት እስከ ዛሬ አላሰብንበትም?"

በማግስቱ ኮሚቴው በሁለት ድምፅ ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞ፣ የተማሪዎቹን መኖሪያ እየዞርኩ እንዳንኳኳ ወሰነ። ተቃውሞው የእኔ ነበር። እንዲህ ሆኜ በገዛ እጄ ስቶክሆልም ላይ ጭቃ ሹም ተሾምኩ።

ያን ጊዜ የምኖረው ሄሰልቢ፣ የባቡሩ መስመር መጨረሻ ላይ፣ አንዲት ባለቤታቸው የሞተባቸው ሴትዮ ቤት ነበር። ሴትዮዋ እንደ ጊዜው ሥርዓት አንተ ማለትን እንደ ነውር ያዩታል፤ እኔን ፊት ለፊት እያዩ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ያህል ነበር የሚያናግሩኝ። ስስ ካፖርቴን ለብሼ ልወጣ ስል አዩኝና፣ "ኢንጂነሩ እንዲህ ሆነው ከወጡ ይታመማሉ" ብለው የባላቸውን ካፖርት ከቁም ሣጥን አወጡልኝ። ሟቹ የትራም ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ካፖርቱ ጥቁር፣ ከባድ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ነው፤ ምልክቱ ቢነቀልም ቦታው ጨርቁ ላይ ይለያል። ብብቴ ሥር የሊቀመንበሩን ፋይል ያዝኩና ወጣሁ።

መጀመሪያ ያንኳኳሁት ብሬዴንግ በሚባለው አዲስ ሰፈር ነው። ያኔ ሕንፃዎቹ ገና እየተሠሩ ነበር፤ ክሬን ቆሞ፣ ጭቃው እስከ ጫማ ማሰሪያ ድረስ ይውጣል። ያገቡ ተማሪዎች እዚያ የኪራይ ቤት አግኝተዋል። አንዱ በር ከፈተና ካፖርቱን፣ ከዚያ ፋይሉን፣ ከዚያ እኔን አየ።

"ስለ ምርጫው ነው የመጣሁት" አልኩ። በዚያ ስዊድንኛዬ ረጅም ንግግር አልችልም። "ስምህ እዚህ ዝርዝር ላይ አለ።"

"ምን ዝርዝር?"

"እስካሁን ያልመረጡ ሰዎች ዝርዝር።"

ፊቱ ተለዋወጠ። "ግዴታ ነው እንዴ?"

"አይደለም። ስትመርጥ ምልክት እናደርግልሃለን።"

"ካልመረጥኩስ?"

"ቦታው ባዶ ይቀራል።"

ሚስቱ ከኋላው ብቅ አለች። "ባዶ አይቅር፤ ሂድና ምረጥ" አለችው።

ስዊድኖች ሹም አይፈሩም፤ ንጉሣቸውን እንኳ መንገድ ላይ ቢያገኙ ባርኔጣ አንሥተው ያልፋሉ ይባላል። ነገር ግን በአንድ ዝርዝር ላይ ከስማቸው ፊት ያለ ምልክት የቀረ ክፍት ቦታ እንቅልፍ ይነሳቸዋል። ይህን ያወቅሁት በዚያ ሳምንት ነው። ከበር በር ስዞር፣ ሳልዋሽ፣ ማንንም ሳላስፈራራ፣ ምስለኔው ያላገኘውን ታዛዥነት አገኘሁ። አንዷ ተማሪማ ስእለት ያለባት ይመስል ለምርጫው ቀን ከአያቷ የልደት በዓል እንደምትቀር ነገረችኝ። ማፈር ነበረብኝ። እውነቱን ለመናገር ግን ደስ ብሎኝ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ድምፄም ወፈር እያለ መጣ።

ከዝርዝሩ መጨረሻ የጋሼ ስም አለ። አንኳኳሁ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ይኼ ካፖርት ከየት መጣ?"

"አከራዬ አውሰውኝ ነው።"

"የምስለኔውን ፈረስም ያውሱህ" አሉና አስገቡኝ። ተቀመጥን። "ስሜን ከዚያ ላይ አንሣልኝ።"

"ጋሼ፣ አንድ ወረቀት ብቻ እኮ ነው። ማንንም ቢመርጡ..."

"እኔ ለዕድሜዬ የሚበቃኝን መርጫለሁ።" ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ዲሬክተር ሳለሁ የምርጫ ጣቢያ ኃላፊ አድርገውኝ ነበር። ዝናብ ጥሎ፣ ወንዝ ሞልቶ፣ ከማዶ ያለው ሕዝብ መሻገር አልቻለም። የቀረ ሰው እንዳይኖር ትእዛዝ አለ። አመሻሹ ላይ በር ዘግቼ ተቀመጥኩና የአንድ አጥቢያ ሰው ሙሉ መረጥኩላቸው። ጣቴ እስኪዝል። ከመካከላቸው አንዱ ከሞተ ሁለት ወር ሆኖት ነበር፤ እኔ ነበርኩ ቀብሩ ላይ የቆምኩት፤ ግን ስሙ ዝርዝሩ ላይ አለ። ለእሱም መረጥኩለት።"

ፋይሉን ከፈትኩና ስማቸውን ልሰርዝ ብዕር አወጣሁ። እጃቸውን በእጄ ላይ ጫኑ።

"ተወው፤ አትሰርዘው" አሉ።

የምርጫው ዕለት ሰልፉ ከአዳራሹ ወጥቶ ደረጃውን ወረደ። የምርጫ ወረቀት አልቆ ጸሐፊዋ ሌላ ልታባዛ ሮጠች። ሊቀመንበሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት፤ ጥርሱ ያምራል። እኔ ከዝርዝሩ ላይ ምልክት ሳደርግ ዋልኩ። ጋሼ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው መጡ። ከመጋረጃው ጀርባ ብዙ ቆዩ፤ ከኋላቸው ያለው ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ወጥተው ወረቀታቸውን ሣጥኑ ውስጥ ጨመሩና ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

"አንድ ጊዜ ብቻ የመረጥኩበት የመጀመሪያው ምርጫ ነው" አሉኝ።

ሣጥኑ ከታሸገ በኋላ ዝርዝሩን ዘግቼ ልሰጥ ስል አንድ ባዶ ቦታ አየሁ። የእኔ ስም ነበር። መምረጥ ረስቼ ዋልኩ።

ቆጠራው ሲያልቅ፣ ራሱም ዕጩ የነበረው ሊቀመንበራችን በሰፊው ተሸነፈ። ያለ ፍላጎቱ ከቤቱ የወጣው ሁሉ፣ ከቤቱ ባስወጣው ሰው ላይ ድምፁን ሰጠ። ያሸነፈው የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ሲሆን፣ ቃል የገባውም የምግብ ቤቱ የሥጋ ድብልብል እንዲተልቅ ብቻ ነው። ኋላ እንደሰማሁት፣ በመጀመሪያ ስብሰባው የእኛን ኮሚቴ አፈረሰው፤ መራጭ ሞልቷልና ችግር የለም ብሎ።

ያን ዕለት ግን ሊቀመንበሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የራሱን ሽንፈት ቁጥር በቁጥር በንጹሕ ጽሑፍ አሰፈረ፣ ድምሩን ሁለት ጊዜ አረጋገጠ፣ ከሥሩ ፈረመ። ፋይሏን ለአዲሱ ሰው አስረከበ። ጆሮው ብቻ ቀልቶ ነበር።

ጋሼ ከግድግዳው ሥር ቆመው ሲያዩ ቆይተው ኖሯል። ሄደው በሁለት እጃቸው ጨበጡት፣ ጎንበስም አሉለት። በተሰባበረ ስዊድንኛቸው፣ "የሚያሸንፍ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ተሸንፎ የሚፈርም ግን አንተ የመጀመሪያዬ ነህ" አሉት።

ልጁ ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞረ። "ምን ማለታቸው ነው? ሌላ ምን ማድረግ ይቻል ነበር?"

ጥያቄውን ለጋሼ በአማርኛ ተረጎምኩላቸው። ስቶክሆልም ውስጥ ባወቅኋቸው ዘመን ሁሉ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር። ያን ዕለት እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ፤ ክራቫታቸውን አላልተው፣ ዐይናቸውን በመሐረብ እየጠረጉ። ልጁም ምን እንዳሳቃቸው ሳይገባው፣ ከአክብሮት የተነሣ፣ አብሯቸው ሳቀ።