ጋሽ ዘነበ ቴሌቪዥን ያስፈቱ ዕለት

ጋሽ ዘነበ ሲግናል አካባቢ የሚኖሩ ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። የዓለምን ወንዞች ከነገባሮቻቸው በቃላቸው ይወጧቸዋል፤ ኤሌክትሪክ ግን ይፈራሉ። አምፖል የሚቀይሩት ቆጣሪ አስጠፍተው፣ የዝናብ ቦቲ ተጫምተው፣ አማትበው ነው። ሰርቪስ ቤታቸውን ለኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ሲያከራዩ ባለቤታቸው እትዬ ሙሉጌጥ ሳቁባቸው።

ተማሪዋ ኩልሱም ትባላለች፤ ከወራቤ የመጣች፣ በክፍሏ ካሉት ጥቂት ሴቶች አንዷ ናት። አንድ ቅዳሜ ጋሽ ዘነበ ከእንጦጦ የእግር ጉዟቸው ሲመለሱ በረንዳው ላይ ኩርምት ብላ አገኟት።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ዲፓርትመንት ልቀይር ነው፣ ጋሼ። ላቦራቶሪ ስንገባ ዕቃውን የሚነኩት ወንዶቹ ናቸው። እኔን 'ጽሑፍሽ ያምራል፣ ሪፖርቱን ጻፊ' ይሉኛል። እነሱ ሬዲዮ ሲፈቱ ነው ያደጉት፤ እኔ ምን ፈትቼ አውቃለሁ?"

ጋሽ ዘነበ አገጫቸውን አሻሹና ወደ ሳሎን መሯት። "ይኸውልሽ ቴሌቪዥን። ፍቺው።"

"ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆነ። ደህና ነው።"

"ታዲያ ለምን ይፈታል?"

"ፈትተሽ ስለማታውቂ ነዋ!"

"እትዬ ሙሉጌጥስ?"

"ሾላ ገበያ ናት። በርበሬ መምረጥ ከጀመረች ቶሎ አትመለስም።"

ኩልሱም ገመዱን ነቅላ፣ በተዋሰችው ካቻቢቴ ጀርባውን ከፈተች። ጋሽ ዘነበ ቦቲያቸውን አጥልቀው አጠገቧ ተቀመጡና "ይሄስ ምንድን ነው? ለምን?" እያሉ እንደ ፈተና ጠያቂ አፋጠጧት።

"ይሄኛው ገመዱ ቢነቀልም ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል፣ እንዳይነኩት" አለቻቸው።

ጋሽ ዘነበ ወንበራቸውን ይዘው ግቢ ወጡ። ጥያቄውን ግን አላቆሙም፤ ኩልሱምም መልሱን በጩኸት ማስረዳት ግድ ሆነባት።

እትዬ ሙሉጌጥ ሲገቡ ቴሌቪዥናቸው ምንጣፍ ላይ ተበትኗል።

"ዘነበ! ምን ጉድ ነው?"

"ትምህርት ላይ ነን።"

ሲገጠም ምስል አለው፤ ድምፅ የለውም። እትዬ ሙሉጌጥ የዚያን ምሽት ድራማቸውን ከንፈር እያነበቡ ተከታተሉ። "ምንም አይደል፣ ዋናው ሰውዬ ድሮም ወሬ ያበዛል" ቢሉም ኩልሱም በሐፍረት እንቅልፍ አልወሰዳትም። በማግስቱ እንደገና ፍትት አድርጋ፣ የረሳችውን የስፒከር ሽቦ ሰካች። ድምፁ ሲያንባርቅ እትዬ ሙሉጌጥ እልል አሉ።

ሰኞ ላቦራቶሪ ውስጥ በርናባስ የሚባለው የቡድኗ ልጅ እንደ ልማዱ ወረቀቱን ዘረጋላት።

"ዛሬ ያንተ ጽሑፍ ያምራል" ብላ መበየጃውን አነሳች። የመጀመሪያ ብየዳዋ የታኘከ ማስቲካ መሰለ፤ መምህሯም አስፈረሳት። ሁለተኛው ያዘ። ዲፓርትመንት መቀየሩም በዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የክፍሏን ልጆች ሶሬቲንና ሔራንን ይዛ ትመጣለች፤ ጎረቤቱም ያለውን ብልሽት ሁሉ ያመጣላቸዋል። እትዬ ሙሉጌጥ "ቤቴን ጋራዥ አደረጋችሁት" እያሉ ያማርራሉ። አንድ ቅዳሜ ሦስቱም ለፈተና ሊያጠኑ ዩኒቨርሲቲ ቢቀሩ ግን እትዬ ሙሉጌጥ ራሳቸው ደወሉ፦

"ስቶቩ እንግዳ ድምፅ ያሰማል፤ ብቅ በሉና እዩት።"

ሦስቱም ካቻቢቴያቸውን ይዘው እየሮጡ ደረሱ። ስቶቩ ላይ በትልቅ ድስት ሽሮ ይንተከተካል።