የእማሆይ ድድ

ደብረ ማርቆስ የጥርስ ንጽህና ስማር እጄ እንደኔው ግትር ነበር። የጥርስ ድንጋይ የምንፍቅበት ጫፉ የተቆለመመ ብረት አለ፤ ስኬለር እንለዋለን። እኔ እሱን ይዤ ድንጋዩን ከላይ ከላዩ ስደባብስ እውላለሁ። መምህራችን በመስታወት ያይና፣ «አንቺ፣ እያነሳሽው ነው ወይስ እየወለወልሽው?» ይለኛል። እውነቱን ነው። ላዩ ልስልስ ብሎ ንጹሕ ይመስላል፣ ሥሩ ግን እንዳለ ነው። በፕላስቲክ ጥርስ ላይ የጥፍር ቀለም እየቀባሁ፣ እሱኑ መልሼ እየፋቅሁ ስለማመድ ከረምኩ። ንድድ እል ነበር።

በፍልሰታ ጾም፣ ረቡዕ ቀን፣ አንዲት አሮጊት መነኩሴ ዝናብ የጠጣ ጋቢ ለብሰው ሮብ ገበያ ከሚባል አገር ወደምንለማመድበት ክሊኒክ መጡ። ጠዋት ጠዋት ድዳቸው ይደማል። ደም የሚፈሰው ሰው ደግሞ አይቆርብም፤ በዚሁ የተነሳ ዓመት ሙሉ ሳይቆርቡ ቀርተዋል።

«እሑድ ልቆርብ አስቤ ነው፤ ይኸን ደም አቁሚልኝ ልጄ» አሉኝ።

«እማሆይ፣ ስፍቅልዎ ዛሬ መድማቱ አይቀርም።»

«ዛሬማ ይድማ! እሑድ ገና ነው።»

የሚጉመጠመጡበት ውኃ ስሰጣቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ በአፋቸው አይዞርም። እኔም ጾመኛ ነኝና አልተከራከርኩም፤ በፋሻ ቁራጭ እያበስኩ ጀመርኩ። የቀለበት ጣቴን ከምፍቀው ጥርስ አጠገብ ባለው ላይ አስደገፍኩ፣ የብረቱን ጫፍ ከድድ በታች፣ ከድንጋዩ ሥር አስገባሁና አጠር አድርጌ ሳብኩ። ቀጭ ብላ የምስር ክክ የምታህል ድንጋይ እንዳለች ወጣች። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። መምህሩ እንኳ ያን ቀን፣ «አሁን አነሳሽው» አለኝ።

ከዚያ ደሙ መጣ። ባበስኩት ቁጥር ተመልሶ ይሞላል። መምህሩ ጎንበስ ብሎ አየና፣ ድንጋዩ ድዱን እስከ ውስጥ እንደጎዳው፣ ለመዳን ሳምንት፣ ምናልባትም ሁለት ሳምንት እንደሚፈልግ ነገረኝ። ብንተወው ዓመቱን ሙሉ ይደማል፤ ብናወጣው እሑድ ያልፋቸዋል። ያ ሁሉ ልመና የፈጀብኝ እጄ በመጨረሻ ቢታዘዝልኝም፣ ለእማሆይ የማደርግላቸው ነገር አልነበረኝም። ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም። ማልቀስ አማረኝ።

«ለዚህ እሑድ አይደርስም፣ እማሆይ» አልኳቸው። «ሲድን በሌላ እሑድ ይቆርባሉ።»

ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ሰማንያ አልፎኛል ልጄ» አሉ። «የቱን እሑድ ነው የምትሰጪኝ?»

መልሴን ሳይጠብቁ ወደ ኋላ ተደገፉና የቀረውን ጎን እንድጨርስላቸው አፋቸውን ከፈቱልኝ።