በመርማሪው ስክሪን ላይ ያየሁት የራሴ ቃል

መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። የእስር ክፍሉ በር ሲከፈት ሽንት፣ ክሎሪንና የሰው ላብ ተቀላቅለው ፊቴን መቱኝ። ጥግ ላይ በርም መጋረጃም የሌለው የብረት መጸዳጃ ተተክሏል፤ ጠርዙ ላይ የደረቀ ትውከት አለ። ሴቶቹ ሲሚንቶው አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ወደዚያ ጥግ የሚያይ አልነበረም።

የተያዝኩት ኦክላንድ መሀል ከተማ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ፖሊስ ለገደለው ሰው ፍትሕ እንጠይቃለን ብለን ወጥተን ነበር። በድምፅ ማጉያ ተበተኑ አሉን፤ ግን መንገዱን በሁለቱም ጫፍ ዘግተውት ስለነበር መሄጃ አልነበረም። እጃችንን ወደ ኋላ በፕላስቲክ አስረው አውቶቡስ ላይ ጫኑን። ፍተሻ ላይ የሹራቤን የኮፍያ ገመድ መዘዙና ሹራቡን ተዉልኝ።

ቦታ የለቀቁልኝ አንዲት የወሎ ሴት ናቸው። ሻሻቸውን ወስደውባቸው ፀጉራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር የተቀመጡት። ሹራቤን አውልቄ ሰጠኋቸው። ለበሱትና ኮፍያውን እስከ ግንባራቸው ሳቡት። እጃቸው ያን ጊዜ አረፈ።

«ያገር ልጅ ነሽ?»

«አዎ እማማ። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። እርስዎን በምን ያዙዎት?»

«እዚሁ አጠገብ፣ ኤመሪቪል፣ ቢሮ አጸዳለሁ። ከሥራ ወጥቼ ልጄን ከሰልፉ ልመልስ ብዬ መጣሁ። እኔ ባማርኛ እለምናታለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። ሊይዟት ሲመጡ መሀል ገባሁ። እሷ አመለጠች፣ እኔ ቀረሁ። አልሐምዱሊላህ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መኪናቸው ላይ ቀለም የደፋችው እሷ ናት። ካንቺ እንዳይወጣ።»

ምሳ መጣ። ሁለት ቁራጭ ዳቦ፣ መሀሉ ላብ ያወጣ የአሳማ ሥጋ፣ ከጎኑ አንድ ፖም። ጣቴ ሲነካው ሙልጭ አለብኝ፤ ከዚያ በኋላ መብላት አልቻልኩም። እሳቸው ገና በሽታው አውቀውት ፊታቸውን አዙረው ነበር። የእኔንም ፖም ለእሳቸው ሰጠኋቸው።

«ምን ትሠሪያለሽ?» አሉኝ ፖሙን እየበሉ።

«ኮምፒውተር ነው።»

«እሱንማ ሁሉም ይላል። አንቺ ምኑን ነው የምትሠሪው?»

ሳን ሆዜ ውስጥ ባለ አንድ ኩባንያ ኮምፓይለር እሠራ ነበር፤ ሰው የጻፈውን ፕሮግራም አስቀድሞ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመውን ማለት ነው። ኩባንያው ለደንበኞቹ የሚሸጠው የራሱ የፕሮግራም ቋንቋ ነበረው። እኔ የተሰጠኝ ያ ቋንቋ ኮሩቲን የሚባለውን ነገር በራሱ እንዲችል ማድረግ ነበር።

«አንድ ፕሮግራም ብዙ ሥራ አለው» አልኳቸው። «አንዱ ሥራ የሚጠብቀው ነገር ሲኖር ቆም ብሎ ለሌላው ተራ ይለቃል። የጠበቀው ሲመጣለት ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደገና አይጀምርም። እስካሁን ፕሮግራመሮቹ ይህን በእጃቸው ነበር የሚቀጣጥሉት፣ ብዙ ጊዜም ይበላሽባቸዋል። እኔ ቋንቋው ራሱ እንዲያውቀው ነው የማደርገው።»

«ለማን ይጠቅማል?»

«ብዙ ነገር ባንዴ ለሚከታተል ሰው» አልኩ። ከአፌ የወጣው እንዲሁ ነው፤ አላሰብኩበትም።

ትንሽ ቆይቶ ተጠራሁ። ጠባብ ክፍል፣ ጠረጴዛ፣ ላፕቶፕ፤ እጅጌውን የጠቀለለ፣ ማስቲካ የሚያኝክ መርማሪ። ትሑት ነበር። ውሃ እንድጠጣ ጋበዘኝ። ጠበቃ እፈልጋለሁ አልኩት።

«ጥያቄ አይደለም» አለኝ። «እርዳታ ነው የምፈልገው። ሶፍትዌር ኢንጂነር ነሽ አይደል?»

ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረው። ሰልፉ ነበር፤ ከብዙ ካሜራ፣ ከላይ ከየሕንፃው የተቀረጸ። የቆምንበት መንገድ በትናንሽ መስኮቶች ተከፋፍሎ ይሄዳል። የፖሊስ መኪናው ይታያል። አንዲት ቀጭን ሴት የቀለም ጣሳ ይዛ ትጠጋለች፤ ክንዷ መነሳት ሲጀምር ምስሉ ቀጥ አለና ቀይ ጽሑፍ መጣ።

«ሁልጊዜ እዚሁ ላይ ነው የሚቆመው» አለ።

ጽሑፉን አነበብኩት። «ይህ ሥራ አልቋል። እባክዎ አይቀስቅሱት።»

የእኔ ዓረፍተ ነገር ነው። አንዱ ኮሩቲን ካለቀ በኋላ ሊቀጥል ሲሞክር እንዲወጣ ብዬ የጻፍኩት። ያን ቀን ባልደረቦቼ «እባክዎ» የምትለዋን አይተው ሲስቁ ነበር የዋሉት። ችግሩንም ወዲያው አወቅኩት። ፕሮግራሙ ያንኑ ኮሩቲን በአንድ ጊዜ ከሁለት ቦታ ይቀሰቅሰዋል፤ ሲከፈት አንዲት ትእዛዝ ብትጨመርለት ይሄዳል።

የዚያ መጸዳጃ ሽታ፣ ያ ሥጋ ያላስጠላኝን ያህል ያ ስክሪን አስጠላኝ። ስንት ወር ሙሉ የደከምኩበት፣ ደስ እያለኝ የጻፍኩት ነገር የሰውየው ላፕቶፕ ውስጥ ተቀምጦ የአንዲትን እናት ልጅ ያስለቅማል።

«ይሄ ከተስተካከለ እኛም እንጨርሳለን፣ አንቺም ቤትሽ ትገቢያለሽ» አለ። ትንሽ አኘከ። «በሥራ ቪዛ ነው ያለሽው፣ አይደል?»

ይህንንም በትሕትና ነው ያለው።

«ችግሩ ይገባሻል?»

«ይገባኛል። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ፊቱ በራ። ኪቦርዱን ወደ እኔ ገፋው። መልሼ ገፋሁለት።

«አላስተካክለውም።»

ማኘኩን አቆመ። «አልችልም ነው ወይስ እምቢ?»

«እምቢ ነው።»

ብዙ ካየኝ በኋላ ጠባቂ ጠራ።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ሴትየዋ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«መቱሽ?»

«አይ። ሥራ ሊያሠሩኝ ነበር።»

«ሠራሽላቸው?»

«አልሠራሁም።»

ጠጋ አሉና ከጎናቸው አስቀመጡኝ፤ የሹራቡን አንዱን እጅጌ አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉት።

በማግስቱ ያለ ክስ ለቀቁን። ሰኞ ቢሮ ስገባ አለቃዬ ያንኑ ቀይ ጽሑፍ ይዞ ጠበቀኝ፤ ደንበኛ አስቸኳይ ብሎ ልኮት ነበር። ደንበኛው ማን እንደሆነ ጠየቅኩት። ለከተሞች የካሜራ ሲስተም የሚሸጡ ናቸው አለኝ። ጽሑፉን የት እንዳየሁት ስነግረው መጀመሪያ ያደረገው በሩን መዝጋት ነው። ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣ ለቪዛዬም ጥሩ አይደለም አለኝ። እኔ እንደማልነካው ነገርኩት። ከጎኔ የሚቀመጠው ልጅ ከምሳ በፊት አስተካከለው። ጎበዝ ልጅ ነው፤ በሚገባ ነው የሠራው። ሌላ ሥራ አግኝቼ ቪዛዬ እስኪዛወር ድረስ ከእሱ ጋር እየበላሁ፣ እየሳቅኩ እዚያው ቆየሁ። ያን ጊዜ ሳስበው ዛሬም ምራቄ ይመርረኛል።

የሴትየዋን ልጅ በኋላ ፖሊስ ጠርቷት ነበር። ቪዲዮው ክንድና ጣሳ እንጂ ፊት አላሳየም፤ ክሱ ወደቀ።

አሁን ፓሎ አልቶ የሆስፒታል ሶፍትዌር እሠራለሁ። ሴትየዋ በየዒዱ ይደውሉልኛል። ባለፈው ሥራዬን ጠየቁኝ።

«የላብራቶሪ ውጤት ቶሎ እንዲደርስ ነው የምሠራው፣ እማማ።»

«ደግ። ማን ማን ያየዋል?»

«ሐኪሙ ነዋ፣ በሽተኛውም።»

«እነሱ ብቻ?»

«እሱን እጠይቃለሁ» አልኳቸው። አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁና ውጤቱን ከሐኪሙና ከበሽተኛው ሌላ ማን እንደሚያየው ጠየቅኩ። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ከርዕሳችን ውጪ ነው አለኝ። እጄን አላወረድኩም።