ፀጉር ቆራጩ ምሩቅ

አቶ ሀብተ ማርያም የሰው ፊት አይይዙም፤ ማጅራት ግን አይረሱም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሰው ጀርባ ቆመው የፀጉር መቁረጫ ቶንዶሳቸውን ሲያንቀጫቅጩ የኖሩ ናቸውና፣ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ መሀል ደንበኛቸው ሰላም ሲላቸው «ማን ልበል?» ይላሉ። ሰውየው ቅር ብሎት ዞር ሲል ግን «ውይ! እናትህ ተሻላቸው?» ብለው ከኋላው ይጠሩታል።

በወጣትነታቸው፣ ከተራራው ማዶ የጦር አካዳሚ ሲከፈት፣ የዕጩ መኮንኖቹን ፀጉር እንዲላጩ ተቀጥረው ነበር። የመጀመሪያው ኮርስ ተመርቆ ፎቶግራፍ ሲነሣ እሳቸውም ነጭ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ጥግ ላይ ቆሙ። ያ ፎቶግራፍ ድሬዳዋ በከፈቱት ፀጉር ቤት፣ ከመስተዋቱ በላይ ተሰቅሎ ሃያ አምስት ዓመት የከሰዓት ፀሐይ ሲመታው ኖረ። ከመደብዘዙ የተነሣ ካፖርቱ የፀጉር ቆራጭ ይሁን የጄኔራል መለየት አቃተ። ጣጣውም የመጣው ከዚያ ነው።

ብሔራዊ ውትድርና በታወጀ በዓመቱ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ቡልቻ ካኪውን ግጥም አድርጎ ለብሶ፣ ላቡ ከአንገቱ እየወረደ ገባ።

«ከላይ ትእዛዝ መጥቷል» አለ። «ለዘማቾች መሸኛ በዓል፣ ከአካዳሚው ቀደምት ምሩቃን እያንዳንዱ ቀበሌ ሁለት ሁለት ሰው ለክብር ያቀርባል።»

«ሻምበል ማዘንጊያ ነበሩልህ እኮ» አሉ አቶ ሀብተ ማርያም።

ጓድ ቡልቻ ጉሮሮውን ጠረገ። ሻምበሉን ከስድስት ዓመት በፊት «ለአንድ ጥያቄ ይፈለጋሉ» ብለው ከቤታቸው የወሰዷቸው የቀበሌው ጥበቃዎች ነበሩ። ጥያቄው እስከ ዛሬ አላለቀም። ሁለተኛው ምሩቅ ደግሞ ዘመድ ልጠይቅ ብለው በባቡር ጅቡቲ ወርደው፣ ዘመድ በዝቶባቸው መሰለኝ፣ በዚያው ቀርተዋል።

«እርስዎ አሉ አይደል?» አለ ቡልቻ።

«እኔማ ላጨኋቸው እንጂ መች ተመረቅኩ?»

«ይኸው ነጭ የክብር ልብስ ለብሰው ቆመዋል።»

«ካፖርቴ ነው። ደረት ኪሱ ላይ ማበጠሪያዬ ይታያል።»

ቡልቻ ወደ ፎቶግራፉ ተጠግቶ ዐይኑን አጠበበ። «ኒሻን ነው» አለ።

አቶ ሀብተ ማርያም ሳቁ። ቡልቻ አልሳቀም። «ልጅዎ ጉግሳ ሃያ ዓመት ሞላው፣ አይደል?» አለ። «የዘማቾቹ ዝርዝር እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። የጀግና ቤተሰብ በሌላ ዐይን ይታያል።»

ሳቃቸው እዚያው ደረቀ። ጉግሳ በባቡር ጋራዡ ውስጥ ሙያ የያዘ፣ ከአራት ልጆች የተረፈላቸው አንድ ልጅ ነው።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ይርገዱ ወሬውን ሲሰሙ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «እኔን! አይጥ ሲያዩ ወንበር ላይ የሚወጡት ሰውዬ?» አሉና ከሳቁ በኋላ ፊታቸው ተለወጠ። «ለጉግሳ ከሆነ ግን እንኳን ምሩቅ፣ መድፍም ይሁኑ።»

ጎረቤታቸው ሻይ ሻጩ ዋይስ ግን ሰላም አልሰጣቸውም። «ዋርያ ሀብቴ! ጠላትን በምን ማረክከው? በመቀስ ነው በምላጭ?»

«ሂድ አቦ!»

«ወላሂ፣ ነገ ለኔም የሻይ ማማሰያዬን ሻምላ ነው ይሉልኛል።»

በበዓሉ ቀን አዳራሹ እንደ ዳቦ ምድጃ ይፋጅ ነበር። ለቀደምት ምሩቃን ሃያ ወንበር ከፊት ተደርድሯል። አቶ ሀብተ ማርያም ከልጃቸው የተዋሱትን ክራባት አስረው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡና እንደ ልማዳቸው ማጅራት ማየት ጀመሩ። አንዱ የፖስታ ቤት ዘበኛ ነው። አንዱ የሳቢያን ሰፈር ልብስ ሰፊ። የአንዱን ፀጉር በየወሩ ራሳቸው ይቆርጣሉ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ስሚንቶ ሲሸከም ነው የኖረው። ካዩት ማጅራት ሁሉ ያኔ የላጩት አንድም አልነበረም።

የክብር እንግዳው ኮሎኔል ተሰማ «የመጀመሪያው ኮርስ ፈርጥ» ተብለው በጭብጨባ ገቡና ልክ ከፊታቸው ተቀመጡ። ከግራ ጆሯቸው ኋላ የጨረቃ ግማሽ የመሰለ ጠባሳ አለ። አቶ ሀብተ ማርያም ወደፊት ዘንበል አሉ። ያንን ጠባሳ ያውቁታል። የጓደኞቹን ካልሲ እየሰበሰበ ቀፊራ አውጥቶ ሲሸጥ ተይዞ በሦስተኛው ሳምንት የተባረረው ዕጩ ነው። ኮሎኔልነቱን ከየት እንዳገኘው የሚያውቅ አብዮቱ ብቻ ነው።

ጓድ ቡልቻ ማይክራፎኑን ያዘ። «የአንበሳ ልጅ አንበሳ ነው! ስለዚህ ከቀበሌያችን ግንባር ቀደም ሆኖ የሚዘምተው የጀግናችን ልጅ፣ ጉግሳ ሀብተ ማርያም ነው!»

አዳራሹ አጨበጨበ። ከኋላ ወይዘሮ ይርገዱ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ሲጠቀጥቁ ታዩ።

አቶ ሀብተ ማርያም ተጠርተው ወደ መድረኩ ወጡ። ኮሎኔሉ የምስክር ወረቀቱን ዘርግተው፣ ለፎቶ አንሺው እንደተዘጋጁ፣ «ፊትዎን አላስታውሰውም» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የትኛው ኮርስ ነዎት?»

«ከእርስዎ ጋር ነኝ ጌታዬ። አንድ ኮርስ ነን።»

ኮሎኔሉ ፈገግታቸው ሳይነቃነቅ ቀረ።

«እኔም ፊትዎን አላወቅሁትም ነበር። ያ ጠባሳ ግን የቶንዶሴን ጥርስ ሰብሮብኛል። በካልሲው ሰሞን።»

መብራቱ ብልጭ አለ። ኮሎኔሉ የጨበጡትን እጅ አልለቀቁም። «ምን ትፈልጋለህ?»

«አንድ ልጅ ብቻ ነው ያለኝ።»

ኮሎኔሉ ወደ ማይክራፎኑ ዞሩ። «ጓዶች! አብዮታችን ባቡርም ያስፈልገዋል! የዚህ ጀግና ልጅ ግንባሩ ጋራዡ ነው። እዚያው ይዋጋ!»

ከሁሉ አስበልጦ ያጨበጨበው ጓድ ቡልቻ ነበር።

ዝርዝሩ ግን ቁጥሩ መሙላት ነበረበት። በጉግሳ ቦታ የገባው የዋይስ ልጅ ወርሳሜ ሆነ። ዋይስ እንደ ወትሮው ጠዋት ጠዋት ሻይ ያመጣል፤ ብርጭቆውን አስቀምጦ ይሄዳል እንጂ ቀልድ የለም።

ክብሩም በዚህ አላበቃም። ቀበሌው «የጦር ሰው ስለሆኑ» ብሎ ዘማቾቹን ከመሄዳቸው በፊት እንዲላጩ አዘዛቸው። ሃምሳ አንድ ወጣት በተራ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ወርሳሜም ተቀመጠ፤ ማጅራቱ ላይ፣ ከፀጉሩ ሥር፣ ሁለት ትንንሽ ጥቁር ነጥቦች አሉት። አቶ ሀብተ ማርያም እዚያ ሲደርሱ እጃቸው ዘገየ። ወጣቶቹ ወደ ባቡሩ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ቀፊራ ውስጥ ወጣት ሰላም ሲላቸው አቶ ሀብተ ማርያም ቶሎ አይመልሱም። ማጅራቱን ለማየት እስኪዞር ይጠብቃሉ።