መላጣው የፀጉር ማድረቂያ አስመጪ

ባላስመጣሁት ዕቃ ኮንትሮባንዲስት ተብዬ ከጫኝና አውራጅነት ሥራዬ ታገድኩ። ነገሩን አላሳምረውም፤ የሆነው ይህ ነው።

ድንበሯ ከተማ ቶጎጫሌ ሥራ የጀመርኩት በ2010 ነው። የመጀመሪያው ቀን፣ ሁላችንም በሶማሊኛ አደር፣ አጎት፣ የምንለው ተራ አስከባሪያችን ፋራህ የሥራ ባጄን አንገቴ ላይ አንጠልጥሎ፣ «ወገብህን ጠብቅ፣ ምላስህን ጠብቅ» አለኝ። ጣትህን ጠብቅ አላለኝም።

ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። በበርበራ በኩል የመጣ እሽግ አውርጄ መጋዘን ሳስገባ አንድ ትራንዚተር፣ የነጋዴዎችን የጉምሩክ ጉዳይ የሚያስፈጽም፣ ወረቀት ይዘረጋል። «ዕቃውን ማስረከብህን የሚያሳይ ነው፤ እዚህ ጋ» ይለኛል። አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አሳርፋለሁ። እሱ ለካ ትንሽ የግል ዕቃ ከቀረጥ ነፃ ይገባል በሚለው ደንብ፣ የአንድ ነጋዴን ጭነት በታትኖ በእኛ በኩሊዎቹ ስም እያስገባ ነበር።

ይህን የሰማሁት በ2013 ጉምሩክ ጅጅጋ በጠራው ስብሰባ ላይ ነው። ደንቡ ይቅር ወይስ ይቆይ የሚል ክርክር ነበር። ሆደን የምትባል ልብስ ሰፊ ተነሳች። «አንድ መቀስ ከዱባይ ባስመጣ እንደ ባለ ኮንቴይነር ልቀረጥ ነው?»

የጉምሩክ ኃላፊው ወረቀት አነሳ። «እህቴ፣ ችግሩ አንቺ አይደለሽም። አንድ ሰው ብቻውን፣ ለግል መገልገያዬ ብሎ፣ አርባ የፀጉር ማድረቂያ አስገብቷል።» ከዚያ ስሙን እስከ አያቱ አነበበ። የኔ ስም ነው።

አደር ፋራህ ዞሮ አናቴን አየ። አንድ ዘለላ ፀጉር የለኝም። «ወሪያ፣ አንተ ሰው፣ ምንህን ልታደርቅበት ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በማግስቱ ባጄን ነጠቁኝ።

«ጣቱ ያንተ ነው» አለኝ ኃላፊው። ማንበብ የማይችል ሰው በምን ይከራከራል?

የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። በአርባ ስድስት ዓመቴ ሀ ሁ አልኩ። ወርና ቀን መለየት ስችል ተመልሼ፣ ወረቀቶቹን አሳዩኝ አልኩ። ሁለቱ ላይ ያለው ጣት የኔ ነው፤ አልካድኩም። የቀሩት የኅዳርና የታኅሣሥ ናቸው። አውራ ጣቴን ደግሞ የጭነት ገመድ የሰነጠቀው በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው፤ ጠባሳው መሐል ለመሐል ያልፋል። ወረቀቱ ላይ ያረፈው ጣት ምንም ጠባሳ የለውም።

ጣቴን ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አኖርኩለት። ጣቴን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ ደነገጠ።

«ይህን ያኔ ለምን አልተናገርክም?»

«ያኔ ኅዳር የቱ ጋ እንደተጻፈ መች አውቄ!»

ይቅርታ አልጠየቀኝም። ትራንዚተሩም የት እንደገባ አይታወቅም።

በደንቡ ላይ ዛሬም ይከራከራሉ፤ ይከራከሩ። እናንተ ግን ያላነበባችሁት ወረቀት ላይ ጣታችሁን አታሳርፉ። ስሜ ከኮንትሮባንዲስቶች ዝርዝር ተሰርዞ፣ ባጄን በገዛ እጄ ፈርሜ የተረከብኩት ሰኔ 4 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው።